የቁስለኛው ወታደርና የማስረጃው ወረቀት

እግር ከጉልበት በታች ከተቆረጠ ከመቶ 40 ነው። ከጉልበት በላይ፣ ከጭን መካከል ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ ከተቆረጠ 60፤ ወደ ጭኑ ራስ ከተጠጋ 80፤ ከዳሌው መጋጠሚያ ከወጣ 90 ይሆናል። ሰውየው የሚሠራበት ዋናው እጁ ከጠፋ 70፤ ሌላው እጁ ከሆነ 60። አንድ ዓይን ፈጽሞ ከወጣ 40። በጆሮ ውስጥ ሌሊትና ቀን የማያቋርጥ ጩኸት 10።

ይህን ዝርዝር እኛ አልፈጠርነውም። የአሜሪካ መንግሥት በውትድርና ሳሉ ለተጎዱ ሰዎች በየወሩ የሚከፍለውን የጉዳት አበል የሚወስንበት ሰንጠረዥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በ1945 ተዘጋጅቶ በ1946 ሥራ ላይ ዋለ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ቢታደስም አጥንቱ ያው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የአሜሪካው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የአገራችን ሲሆን ዓ.ም. እንላለን።)

እኛ በአንድ ዶርም የምናድር አራት ጓደኞች ነን፤ ሁለታችን የታሪክ፣ ሁለታችን የቋንቋ ተማሪዎች። ስለ ሰው አገር ወታደር እግር ልንመራመር የተነሣንበት የራሳችን ምክንያት አለን። ምክንያቱ ከግቢያችን በር አጠገብ ተቀምጧል፤ ወደ ኋላ እንደርስበታለን። አስቀድመን ሰንጠረዡን እንጨርስ።

ሰንጠረዡ የራሱ የሆነ ሒሳብ አለው። አንድ ሰው በአንደኛው ጉዳቱ 60፣ በሌላው 30 ቢሰጠው ድምሩ 90 አይደለም። በመጀመሪያው ጉዳት 60 ከሄደ የቀረው ሰው 40 ነው፤ ሁለተኛው 30 የሚሰላው ከዚያ ከቀረው ላይ ነው፤ ይህም 12 ይሆናል። 60ና 12 ሲደመር 72፤ ከዚያም ወደሚቀርበው አሥር ተጠጋግቶ 70 ይባላል። ይህን ለአንድ የሒሳብ ተማሪ ወዳጃችን ብናሳየው ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ልክ ነው» አለን። ልክነቱን እኛም አልካድንም። ነገር ግን «የቀረው ሰው» የሚለውን ቃል በየልባችን ደጋግመን አነበብነው።

ሌላም ደንብ አለ። በአንድ እግር ላይ ያለው ቁስል ሁሉ ተደምሮ፣ እግሩ በዚያው ስፍራ ቢቆረጥ ኖሮ ከሚሰጠው አይበልጥም። እንግዲህ አጥንቱ ተሰብሮ፣ ጅማቱ ተበጥሶ፣ ሌሊት ሌሊት እየጠዘጠዘው አብሮት የሚኖር እግር ያለው ሰው፣ ከነጭራሹ እግር ከሌለው ሰው ይበልጥ እንደ ተጎዳ ሊከራከር አይችልም።

የዚህ ሁሉ መሠረት በኦክቶበር 1917 የወጣ ሕግ ነው። ሕጉ የጉዳቱን መጠን የሚለካው፣ እንዲህ ያለ ጉዳት በሰላማዊ ሥራ ላይ የሰውን ገቢ የማግኘት ችሎታ በአማካይ ምን ያህል እንደሚቀንስ ታይቶ ነው ይላል። «በአማካይ» የምትለዋ ቃል ብዙ ታከራክራለች። የክራር መቺ ጣትና የዘበኛ ጣት በእርሷ ፊት አንድ ናቸው። በሌላ በኩል ግን፣ ቁስሉን ታግሎ ሥራ ይዞ ደኅና ደመወዝ የሚያገኝ ሰው «አንተማ ሠርተህ ትበላለህ» ተብሎ አበሉ አይቀነስበትም፤ የሚለካው አማካዩ ሰው እንጂ እርሱ አይደለምና። ሕመሙስ? ልጁን አቅፎ መሮጥ አለመቻሉስ? ለዚህ በሰንጠረዡ ውስጥ ረድፍ የለም። በ2007 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ባወጣው ጥናት፣ ከገቢው ሌላ የኑሮው ጣዕምም እንዲታሰብ መክሮ ነበር።

ታሪኩን ወደ ኋላ ስንመለከት መለኪያው ስንት ጊዜ እንደ ተለዋወጠ እናያለን። አሜሪካኖች ነጻነታቸውን ባወጁበት በ1776 ዓመት፣ ገና ጦርነቱን ሳያሸንፉ፣ በኦገስት 26 ቀን አካሉን ላጣ ወታደር ግማሽ ደመወዙ እንዲከፈለው ወሰኑ። የእርስ በርስ ጦርነታቸው በጋለበት በ1862 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ። በዚያ ሕግ ፈጽሞ መሥራት የተሳነው ተራ ወታደር በወር 8 ዶላር ሲያገኝ፣ ሌተና ኮሎኔልና ከዚያ በላይ የሆነው 30 ዶላር ያገኛል። በአንድ ቀን፣ በአንድ መድፍ፣ በአንድ ሜዳ ላይ የተቆረጡ ሁለት እግሮች አንዱ ከሌላው ሦስት እጥፍ ከግማሽ በላይ ያወጣ ነበር ማለት ነው። ይህን የሰበረው ከላይ ያነሣነው የ1917ቱ ሕግ ነው። ማዕረጉን ትቶ ቤተ ሰቡን ተመለከተ፤ ፈጽሞ መሥራት ላልቻለ ላጤ 30 ዶላር፣ ሚስት ላለው 45 ዶላር አለ። ከአነበብናቸው ለውጦች ሁሉ ከልብ የወደድነው ይህን ነው።

ገንዘቡ ቀላል እንዳልነበረም መናገር ይገባል። በ1890 በወጣው ሕግ፣ በጦርነቱ ዘመን 90 ቀን ያገለገለና በማናቸውም ምክንያት መሥራት ያልቻለ ሁሉ ጡረታ እንዲያገኝ ተፈቀደ። ከ1880 እስከ 1910 ባለው ጊዜ የፌዴራሉ መንግሥት ከወጪው ከሩብ የሚበልጠውን ለጡረታ ያውል ነበር። ከዚያ በፊትም ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ ምክር ቤቱ ለየግለሰቡ የሚያጸድቀውን የጡረታ ውሳኔ እያነበቡ ከ200 በላይ የሚሆነውን አልፈርምም ብለው መልሰዋል። የሐሰት ጉዳት ይዞ የመጣ አልጠፋም፤ በጡረተኛው ስም የከበረ ጠበቃም አልጠፋም።

ከዚያ 1933 መጣ። በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሥልጣን በያዙ በ16 ቀናቸው፣ በማርች 20፣ የቁጠባ ሕግ ተብሎ የሚታወቀውን ፈረሙ። ከስፔን ጦርነት ወዲህ ላሉት የቀድሞ ወታደሮች የተሰጠው የጡረታና የአበል ሕግ በአንድ ቀን ተሻረ፤ ለማን ምን ያህል ይሰጥ የሚለውም ለፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ተተወ። ብዙ ሰው አበሉ ተቀነሰበት፤ ብዙ ሰውም ፈጽሞ ተቋረጠበት። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ውስጥ በ1933 እንደ ገና የበቀለ እግር ግን አልነበረም። ወታደሮቹ ጮኹ፣ ማኅበሮቻቸው ተነሡ፤ በማርች 1934 ምክር ቤቱ የፕሬዚዳንቱን እንቢታ ሽሮ ከተወሰደው ብዙውን መለሰላቸው።

እስከዚህ ያልነው ስለ መጠኑ ነው። እኛ ግን ስናነብ ስናነብ የደረስንበት ሐሳብ ሌላ ነው። የቁስለኛውን ወታደር ኑሮ ከሁሉ ይበልጥ የለወጠው የአበሉ ከፍና ዝቅ ማለት አይደለም፤ «ማን ያስረዳ?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ነው። አበል የሚጠይቅ ሰው በአሜሪካ ሕግ ሦስት ነገር ማሳየት አለበት፤ ዛሬ ጉዳት እንዳለበት፣ በውትድርና ላይ ሳለ አንድ ነገር እንደ ደረሰበት፣ የዛሬው ከዚያኛው እንደ መጣ። የመጀመሪያውን ሐኪም ያያል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ወረቀት ይፈልጋሉ።

ወረቀት ደግሞ ለሁሉም እኩል አይደለም። በእርስ በርስ ጦርነቱ 180 ሺሕ ያህል ጥቁር ወታደሮች ለሰሜኑ ጦር ተሰልፈዋል። የጡረታው ሕግ ነጭ ጥቁር ብሎ አልለየም። ነገር ግን የልደት ቀን ጠየቀ፤ ባሪያ ሆኖ ለተወለደ ሰው ልደቱን ማን ጽፎለት? የጋብቻ ማስረጃ ጠየቀ፤ ጌታው ለጋብቻው ወረቀት አላወጣለትም። ስሙን ጠየቀ፤ እርሱም በጌታው ስም ተመዝግቦ ዘምቶ፣ ነጻ ሲወጣ የአባቱን ስም ይዞ ነበር። ማመልከቻ ለማጻፍ፣ ምስክር ከሩቅ ለማምጣት ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ሕጉ አንድ ሆኖ ሳለ ጥያቄያቸው የሚጸድቅላቸው ጥቁሮች ከነጮቹ ያነሱ ነበሩ። በአገራችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ከመጀመሪያው ያልተጻፈለት ሰው ምን ይወርሳል?

ለዚህ ጥያቄ አሜሪካኖቹ ቀስ በቀስ መልስ ሲሰጡ ቆይተዋል። ፐርል ሃርበር በተመታች በ13ኛው ቀን፣ ዲሴምበር 20 ቀን 1941፣ አንድ አጭር ሕግ አወጡ። ከጠላት ጋር ተዋግቶ የቆሰለ ሰው በጊዜው የተጻፈ መዝገብ ባይኖርም፣ የሚናገረው ነገር ከአገልግሎቱ ሁኔታ ጋር የሚስማማ ከሆነ ቃሉ ይታመናል፤ አይደለም የሚል መንግሥት ግልጽ ማስረጃ አምጥቶ ያፍርስ። በጥይት መካከል ጸሐፊ እንደማይቀመጥ ሕግ አውጪዎቹ የተገነዘቡ ይመስላል።

ከዚያ ደግሞ እሳት መጣ። ጁላይ 12 ቀን 1973 በሚዙሪ ክፍለ ሀገር በሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ የወታደሮች የግል ማኅደር የሚጠበቅበት ትልቅ ሕንፃ ተቃጠለ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ማኅደር ጠፋ። ከ1912 መጨረሻ እስከ 1960 መግቢያ ድረስ ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ሰዎች ማኅደር ከመቶ 80ው አመድ ሆነ፤ ቅጂም አልነበረውም። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶችና በኮሪያ የተዋጉት በዚህ ውስጥ ናቸው። ከኮሪያ በረዶ እግሩን አጥቶ የተመለሰ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ ወታደር የነበረበት ወረቀት እንደሌለ ተነገረው።

መንግሥቱ ምን አደረገ? «ማኅደርህ ስለ ተቃጠለ አንተም አልዘመትክም» ሊል ይችል ነበር። አላለም። ከደመወዝ መክፈያ፣ ከሆስፒታል መዝገብ፣ ክፍሎቹ በየጠዋቱ ይጽፉት ከነበረው ሪፖርት ላይ ቁርጥራጩን እየለቀሙ ማኅደሩን እንደ ገና መሥራት ጀመሩ። አብረውት የነበሩ ወታደሮች የሚሰጡት የጽሑፍ ምስክርነትም ይቀበላሉ። በ1991 ደግሞ የቀድሞ ወታደሮችን ይግባኝ የሚሰማው ፍርድ ቤት፣ መዝገቡ የጠፋው በመንግሥት እጅ ሳለ ከሆነ ጉዳዩን የሚያየው መሥሪያ ቤት ከወትሮው ይልቅ በጥንቃቄ እንዲመዝን፣ ማስረጃው እኩል ለእኩል ሲሆንም ጥርጣሬው ለወታደሩ እንዲደላ ያለበት ግዴታ ይበልጥ እንደሚከብድ ወሰነ። ይህ ውሳኔ በራሱ ማንንም አያስረታም፤ ወታደሩ አሁንም የሚያሳየው ነገር ይፈልጋል። ይሁን እንጂ የጠፋው ወረቀት ዕዳ በማን ላይ እንደሚወድቅ ተናገረ።

በዚያው በ1991 ስለ ቬትናም ዘማቾች ትልቅ ሕግ ወጣ። ከ1962 እስከ 1971 ድረስ የአሜሪካ አውሮፕላኖች የቬትናምን ጫካ ለማራገፍ መርዝ ሲረጩ ከታች ወታደሮቻቸው ነበሩ። በኋላ በካንሰርና በሌላ በሽታ ሲያዙ፣ የትኛው ጠብታ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሳንባ እንደ ገባ እንዴት ያስረዱ? ሕጉ ነገሩን አቃለለው፤ በዚያ ዘመን ቬትናም መሬት ላይ ከነበርክና ከተዘረዘሩት በሽታዎች አንዱ ካለብህ፣ ከዚያ እንደ መጣ ይገመታል። የሕግ ተማሪዎች ይህን «የሕግ ግምት» ይሉታል። በባሕሩ ላይ የነበሩት መርከበኞች ግን «መሬት አልረገጣችሁም» ተብለው እስከ 2019 ጠበቁ። በአእምሮ ላይ ስለሚደርሰው ቁስልም ነገሩ እንዲሁ ነው። በ1980 በሽታው ስም ወጣለት፤ በ2010 ደግሞ በጦር ቀጠና የነበረ ሰው ያስፈራውን ነገር በየቀኑ የተጻፈ ማስረጃ ሳያመጣ፣ ሐኪም ካረጋገጠለትና ታሪኩ ከአገልግሎቱ ጋር ከተስማማ ቃሉ እንዲበቃ ተደነገገ። በመጨረሻም ኦገስት 10 ቀን 2022 በኢራቅና በአፍጋኒስታን ቆሻሻ፣ ፕላስቲክና ባትሪ ሳይቀር በሚነድባቸው ጉድጓዶች ጢስ ለታመሙት ተመሳሳይ ግምት ተሰጠ። ከዚያ በፊት የአብዛኞቹ ጥያቄ ማስረጃ የለውም እየተባለ ይመለስ ነበር።

ይህን ስንጽፍ አሜሪካንን ለማሞገስ አይደለም። የመጨረሻው መርዝ በ1971 ተረጭቶ ሕጉ በ1991 ሲወጣ፣ በመካከል ያለውን 20 ዓመት ካንሰር የያዘው ሰው በምን ይጠብቀው? ብዙዎች ሳያዩት ሞተዋል። እኛ ያነሣነው አንዱን ሐሳብ ለመዋስ ነው።

እንግዲህ ከበራችን ወደ ተቀመጠው ምክንያት እንመጣለን።

ከግቢው በር ወጣ ብሎ፣ ከግንቡ ሥር፣ አንዲት አሮጌ ሚዛን ከፊቱ ዘርግቶ አላፊ አግዳሚውን የሚመዝን ሰው አለ። እኛ ጋሼ እንለዋለን፤ ሌላ ስሙን እዚህ አንጽፍም። ቀኝ እግሩ ከጉልበት በታች የለም። ክራንቹን ከጎኑ አጋድሞ፣ ሚዛኗን በጨርቅ ወልውሎ፣ ከረፋዱ እስከ ማታ ይቀመጣል። ከእኛ ከአራታችን ገንዘብ ተቀብሎ አያውቅም፤ «የተማሪ ክብደት ሒሳብ አይገባም» ይላል። እኛም ሻይ እንገዛለታለን። ወዳጅነታችን በዚህ ተጀመረ።

ጋሼ በ1981 ዓ.ም. በጎጃም ገበያ ውሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ በአፈሳ ተይዞ የሄደ ነው። ያን ጊዜ 18 ዓመቱ ነበር። በ1975 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ነው የወሰደው፤ ወድዶ አልዘመተም፣ አልሸሸምም። ምጽዋ ከተያዘች በኋላ በ1982 ዓ.ም. በጊንዳዕ ግንባር ፈንጂ ረገጠ። አሥመራ ሆስፒታል እግሩ ተቆረጠ፤ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጣ። የሆስፒታሉ ወረቀት በእጁ ነበር፤ ሌላው ማኅደሩ ከክፍሉ ጋር ቀረ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን፣ እርሱ በሁለት ክራንች ወደ አገሩ ሲጓዝ ወረቀቱ ያለበት ሻንጣ ከመኪና ላይ ጠፋ። የቀድሞው ሠራዊት አባላት ወደ ካምፕ ገብተው እንዲመዘገቡ ሲታወጅ ፈርቶ እናቱ ቤት ተደበቀ። «እግሬን ሰጥቻለሁ፤ የቀረውን ደግሞ አሳልፌ አልሰጥም ብዬ ነው» ብሎናል። ከዚያ ዓመት ዓመትን ወለደ።

ባለፈው ዓመት ማመልከቻ ጻፍንለት። ከመካከላችን እጅ ጽሕፈቱ የሚያምረው ረቂቁን ጻፈ፣ ሌላው በኮምፒዩተር አስተየበው፣ አራታችን ሁለት ሁለት ሆነን አጅበነው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። መሥሪያ ቤቱን አንጠራም፤ ጉዳዩም ከአንድ ቢሮ ይሰፋል። ያስተናገደን ጸሐፊ በዕድሜ የእኛ ታላቅ ወንድም የሚሆን፣ ትሑት ሰው ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠው። ማመልከቻውን እስከ መጨረሻው አነበበና፣

«ጋሼ፣ ከነበሩበት ክፍል የተጻፈ ደብዳቤ ያስፈልጋል» አለው።

«ክፍሉ እኮ ፈርሷል፣ የኔ ልጅ።»

«ይገባኛል፣ ጋሼ። መመሪያው ግን እንዲህ ነው የሚለው።»

ጋሼ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና የሱሪውን እግር ከጉልበቱ ገለጠ። «ይኸስ አይበቃም?» አለ።

ጸሐፊው ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ። «እግርዎ መቆረጡን ማን ይክዳል። የት እንደ ተቆረጠ ነው እንጂ ጥያቄው» አለ። ሰውየው ክፋት አልነበረበትም፤ ድምፁም ዝቅ ብሎ ነበር። መመሪያውን እርሱ አልጻፈውም።

ደረጃውን ስንወርድ ምስክር የሚሆን ሰው ይኖር እንደ ሆነ ጠየቅነው። ከፈንጂው ሜዳ ጎትቶ ያወጣው የደብረ ብርሃን ልጅ ከሁለት ወር በኋላ እንደ ሞተ ነገረን። ከዚያ ደግሞ የመቶ አለቃውን ስም፣ ውኃ ይቀዱበት የነበረውን ጉድጓድ፣ አንዲት ነርስ እግሩ ከተቆረጠ በኋላ የሌለው ጣቱ ሲያሳክከው «እከክለት፣ አየሩን እከክለት» ብላ ስታስቀው፣ ሁሉን እስከ ታክሲው ድረስ አወራን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ማለት ይህ ነው።

በማግሥቱ ነገሩን በምግብ አዳራሽ ስናነሣ አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ወዳጃችን አልተስማማንም። «ወረቀት ካልጠየቃችሁ፣ ነገ ያነከሰ ሁሉ የጊንዳዕ ቁስለኛ ይሆናል። መንግሥት የእናንተን ጋሼ ከሐሰተኛው በምን ይለየው?» አለን። ንቀን የምናልፈው ክርክር አይደለም። ከ1890 በኋላ በአሜሪካ ምን እንደ ሆነ ከላይ ጽፈናል፤ የእኛ አገር ካዝና ደግሞ የእነርሱን አያህልም። ሌላው ጓደኛችን ደግሞ ከዚህ ጠንከር ያለ ነገር አመጣ፤ «የወደቀ መንግሥት ወታደር ነው፤ የዛሬው መንግሥት የትናንቱን ዕዳ ለምን ይከፍላል?» አለ። በአሜሪካም ተሸንፈው ለቀሩት ለደቡቡ ጦር ወታደሮች የፌዴራሉ መንግሥት የጉዳት ጡረታ አልከፈለም፤ የየክፍለ ሀገራቸው መንግሥታት ናቸው የከፈሉት።

ለሁለተኛው ስንመልስ፣ የደቡቡ ጦር ከአገሩ ተገንጥሎ በአገሩ ላይ የተነሣ ጦር ነው። ጋሼን የወሰደው ግን በአገሪቱ ስም የታወጀ አዋጅ ነው፤ አዋጁን ያወጣው መንግሥት ቢወድቅም አገሪቱ አልፈረሰችም። መንግሥት ሲለወጥ የውጭ ብድር ዕዳ አይሰረዝም፤ የአካል ዕዳ ለምን ይሰረዛል? የመንግሥት ሠራተኛውን ጡረታ የመሠረተው አዋጅ ቁጥር 209/1955 የወጣው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው፤ ደርግ መጣ፣ ኢሕአዴግ መጣ፣ ጡረታ ግን በየዘመኑ በአዲስ አዋጅ እየተተካ እስከ 1267/2014 ድረስ ቀጠለ እንጂ ከሥርዓቱ ጋር አብሮ አልተቀበረም።

ለመጀመሪያው ደግሞ፣ እኛ ማስረጃ ይቅር አላልንም። ማስረጃና ወረቀት ግን ሁለት ነገር ናቸው። የጋሼ ጭን ውስጥ እስከ ዛሬ የቀረ የፈንጂ ስብርባሪ አለ፤ ራጅ ያነሣዋል። ፈንጂ የቆረጠው እግርና መኪና የጨፈለቀው እግር ለቀዶ ሐኪም አንድ አይመስሉም። የጦር ሜዳውን፣ የአዛዦቹን፣ የወሩን ነገር መርምሮ የሚጠይቅ አንድ የቀድሞ መኮንን ቢቀመጥ፣ ሐሰተኛው ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ይወድቃል። አብረው የዘመቱ ሦስት ሰዎች ቀርበው ይማሉ፤ በሐሰት የማለ በወንጀል ሕግ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሚዛኑ እኩል ከሆነ ግን ጥርጣሬው ለቁስለኛው ይድላ እንላለን። ማኅደሩን እንዲጠብቅ አደራ የተቀበለው መንግሥት ነበር፤ ጋሼ የጣለው ሻንጣውን ብቻ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንደሚመድብ ይናገራል። አቅም የገንዘብ ነገር ነው፤ በአበሉ ማነስ እኛ አሁን አንከራከርም። የአሜሪካኑን ከመቶ 40ም ለጋሼ አንመኝለትም፤ እንዲያውም በዚያ ሒሳብ «የቀረው ሰው» 60 ነው ብለን ብንነግረው ሚዛኗ ላይ ቆሞ «ልብሴን ጨምሮ ነው ሳይጨምር?» ብሎ ሳቀብን። የምንጠይቀው አንድ አንቀጽ ነው፤ ክፍሉ ለፈረሰ፣ ማኅደሩ ለጠፋ ቁስለኛ የሐኪሞች ቦርድ ቃልና የሦስት ጓዶች መሐላ የክፍሉን ደብዳቤ ይተካ የሚል። አንቀጹ ከጋሼ ሌላ ስንት ሰው እንደሚነካ ለማወቅ በየከተማው ፖስታ ቤት ደጃፍ ትንሽ መቆም ነው። ዛሬም ጦርነት ከእኛ ትውልድ ብዙውን አቁስሏል፤ የእነርሱ ማኅደር በየትኛው ሣጥን ውስጥ እንዳለ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚጠይቅ ተማሪ መኖሩ አይቀርም።

የሕግ ተማሪ ወዳጆቻችን የምስክርነት ቃል የሚሞላበት አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅተውልናል፤ በተማሪዎች ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ከጸሐፊዋ ዘንድ ይገኛል። ለዕረፍት ወደ ጎጃም፣ ወደ ወሎ፣ ወደ ሸዋ፣ ወደ ወለጋ የምትሄዱ ጓደኞቻችን፣ በ1982 ዓ.ም. በጊንዳዕ ግንባር የነበረ አባት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ካላችሁ እባካችሁ ጠይቁልን። ፈንጂ የረገጠው በየካቲት መጨረሻ፣ ከውኃው ጉድጓድ በስተ ምሥራቅ ባለው ተዳፋት ላይ ነው፤ ሰዓቱም ጎሕ ሳይቀድ ነበር። የመቶ አለቃውን ስም እዚህ ያልጻፍነው የሚመጣው ምስክር ራሱ እንዲነግረን ብለን ነው። ሁለት ሰዎች አግኝተናል፤ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ነቀምት። የምንፈልገው ሦስተኛውን ነው።